የጋሽ ጠብታ በርሜል

ቅባት ሠሪዋ ቆርቆሮውን ዘቅዝቃ መዳፏ ላይ መታ መታ አደረገችውና ክዳኑን ከፈተች። ቅባቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። እሰየው። ወዲያው ግን ፊቷ ጨፍገግ አለ፤ በቅባቱ ገጽ ላይ፣ ተኝቶ በተነሣ ሕፃን ግንባር ላይ እንደሚታየው ላብ፣ ደቃቅ የዘይት ጠብታዎች ችፍ ብለዋል። አውራ ጣቷን አሳርፋ ጫን ስትል ዘይቱ በጣቷ ዙሪያ ቅርር ብሎ ወጣ።

«ይኸው፣ ዛሬም አለቀሰ፤» አለች፣ ለሰው ሳይሆን ለድስቱ።

የሥራ ክፍሏ ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ፣ አፈ ሰፊ ድስት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ጠረጴዛ፣ ካርቶን ሙሉ የቆርቆሮ ክዳን። ከዚህች ክፍል የሚወጣውን ቅባት ግንበኞች ለተሰነጠቀ መዳፋቸው፣ ልብስ አጣቢዎች ለጣታቸው፣ ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ሲታጠቡ የሚውሉ ነርሶች ለቆዳቸው፣ አሮጊቶች ደግሞ ለተረከዛቸው ይሻሙታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖረው።

አሠራሩን ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። የምትደብቀው ነገር የላትም፣ ሰምቶ መሥራት የቻለ ሰው የለማ! የሱፍ ዘይት ታሞቃለህ፤ የንብ ሰም ትጨምርበታለህ፤ ሰሙ በልክ ሲቀልጥ ታወርደዋለህ፤ ሳይደፈርስ ቆርቆሮ ውስጥ ትገለብጠዋለህ፤ ከዚያ እጅህን ሰብስበህ ትቀመጣለህ። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ዘይቱን ይይዘዋል። የማይፈስስም፣ እንደ ሻማም የማይደርቅ፣ ጣት ሲነካው የሚታዘዝ ነገር ይሆናል። በቃ። ጭንቁ ያለው «በልክ» የምትለው ቃል ላይ ነው፤ ልኩን ደግሞ የምታውቀው በእጇ ነበር። የእጇን ጀርባ ከድስቱ በላይ ታንዣብበዋለች፣ ቆዳዋ «አሁን» ይላታል፣ ታወርደዋለች።

«አንድ ዘይት፣ አንድ ሰም፣ አንድ እጅ፤» ማለት ትወዳለች። ጎረቤት «ትንሽ የሰሊጥ ዘይት ጣል ብታደርጊበት» ያለ እንደሆነ ደግሞ ቆጣ ብላ፣ «ዘይት ከዘይት የሚያደባልቅ ሰው ወተትም ከውሃ ያደባልቃል፤» ትለዋለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቅባት ሠሪዋ ሞኝ አይደለችም እንጂ፣ የያዘችውን ባለመልቀቅ በኩል ወረቀትን ታስንቃለች።

ለቅሶው የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። መጀመሪያ ቅባቷን የሚሸጥላት ባለመድኃኒት ቤት አንድ ካርቶን ቅባት መልሶ ይዞ መጣ። ጨዋ ሰው ስለሆነ በር ላይ ቆሞ ጥቂት ተቅለሰለሰ። «እትዬ፣ አይቀየሙኝና ዘይቱ እየወጣ መደርደሪያውን አራሰብኝ፤» አለ። ቅባት ሠሪዋ ይቅርታ ጠየቀችና ሰም ጨመረች። ቅባቱ ደረቅ አለ፣ ግን አለቀሰ። ሌላ ሰም ጨመረች። አሁን ደግሞ ከሻማ የማይተናነስ ሆነና አንዲት ነርስ፣ «እማማ፣ ይሄማ ተረከዜን ፋቀኝ እንጂ መቼ ቀባኝ!» አለቻት። እንዲያም ሆኖ ማልቀሱን አልተወም።

ሰሙ የዱሮው ነው፣ ከዱሮው ንብ አርቢ። ዘይቱም የዱሮው ነው፣ ከዱሮው መጭመቂያ ቤት። ድስቱም ያው። እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅባት ሠሪዋ መዳፏን ዘርግታ ተመለከተችው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጣቶቿ በመጠኑ ይንቀጠቀጣሉ። ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» ብሎ ሸኝቷታል። ጣቷ ከተንቀጠቀጠ ቆዳዋስ ለምን አይደነዝዝም? «አሁን» የሚላት ድምፅ ዘግይቶ ቢሆንስ የሚመጣው?

ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። ምራቷ ሥራ ስትሄድ ጠብቃ ትሠራለች፤ ያለቀሰውን ምራቷ ከመመለሷ በፊት መልሳ ታቀልጣለች። ሌባ እንኳን የሰረቀውን እንዲህ ተጣድፎ አይደብቅም። ማታ ማታ ወገቧ ይቆረጣል። ፈርታለች፤ እውነቱ ይህ ነው። የፈራችው ድህነትን አይደለም፣ ልጇና ምራቷ ደህና ይኖራሉ። ማለዳ ተነሥታ የምትሄድበት ክፍል ማጣትን፣ «እስቲ እሷን ጠይቋት» የምትባል ሴት መሆኗ ማብቃቱን ነው የፈራችው።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ድንገት ተናገረችው። «ከወሩ መጨረሻ በኋላ አልሠራም። የቀረኝን ሰም ጨርሼ ድስቱን እሰቅላለሁ።»

ልጇ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤት የሚገኘው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። የጎረሰውን ሳይውጥ፣ «ደግ አሰብሽ እማዬ! ዕረፊ፣ ምን ጎደለሽ፤» አላት።

ቆሽቷ አረረ። «እማዬ፣ አንቺ ከሌለሽማ» እያለ እንዲለምናት ነበር የፈለገችው፤ ልጅ መቼ የእናቱን ልብ ያውቃል! ምራቷ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ለምን እማማ?»

«እጄ ከዳኝ።»

ስለዚህች ምራት አንድ ነገር መባል አለበት። የውሃ ምርመራ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሳትመዝን የምታምነው ነገር የለም። ጨው በግራም ለክታ ወጥ ስትሠራ ያየቻት ቅባት ሠሪ «ሚዛን» የሚል ስም አውጥታላታለች፤ ስሙም ጸና። ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ በቀን አንድ ጊዜ ካልተነካከሱ ግን ቀኑ የመሸ አይመስላቸውም።

ሚዛን ከምሳ በኋላ ወደ ኋላ ክፍል ገብታ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ከዚያ የራሷን የእጅ ቦርሳ በርብራ ግማሹ ያለቀ አሮጌ ቆርቆሮ አወጣችና አማቷ ፊት አስቀመጠችው።

«ይሄን አምና ነው የሰጡኝ። ይጫኑት እስቲ።»

ቅባት ሠሪዋ አውራ ጣቷን አሳርፋ ጫነችው። ጣቷ ደርቆ ተመለሰ። ቅባቱ ልስልስ ያለ፣ ጠብታ ዘይት የማይታይበት ነበር።

«የማን እጅ ነው የሠራው?»

«የኔ ነዋ! የማን ይሆናል?»

«አምናም እኮ እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ቅባት ሠሪዋ ቀና አለች። «አይተሽ ነበር?»

«አጠገብዎ ቆሜ ስንት ጊዜ ክዳን ስከድን፣ የማላይ ይመስልዎታል? ቅባቱ እንደሆነ ምንም አልሆነም ነበር። ስለዚህ እጅዎን ተዉትና ሌላ ጥፋተኛ እንፈልግ።»

«ሌላ ምን አለ? ዘይቱ ያው፣ ሰሙ ያው።»

«ያው መሆኑን መዝነዋል?»

«ጀመረሽ!» አለች ቅባት ሠሪዋ። ሆኖም ሁለቱን ቆርቆሮዎች በወረቀት ጠቅልላ የምራቷ ቦርሳ ውስጥ የከተተቻቸው ራሷ ናት፤ በትንሽ ብልቃጥም ከዘይቱ ጨመረችላት።

ሚዛን ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን ዘረጋች። በማይክሮስኮፕ አስጠግታ ያነሣቻቸው ሁለት ፎቶዎች ነበሩ። በአንደኛው ላይ ወፍራም ነጫጭ መርፌዎች እዚህም እዚያም ተበትነዋል፤ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። በሁለተኛው ላይ መርፌ ብሎ ለመቁጠር አይቻልም፤ ቀጭን፣ ብዙ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነገር ዓይን ይሞላል።

«ሰም ሲቀዘቅዝ ዝም ብሎ አይደርቅም እማማ። እንዲህ መርፌ መርፌ ይሆንና ይጠላለፋል። ዘይቱን የሚይዘው ያ የተጠላለፈው ነው። ይሄ የተበታተነው የአሁኑ ነው፤ ዘይቱ በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣል። ይሄኛው የአምናው ነው።»

ቅባት ሠሪዋ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየች። በገዛ እጇ የሠራችውን ነገር አንጀቱን ገልጠው ሲያሳዩዋት የመጀመሪያዋ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነዋ!» አለች።

«አንበሳው ይቅርብን፤ ዘይቱን ካሰረልን ይበቃናል፤» አለች ሚዛን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ክፉ ወሬ የምትናገር ሰው እንደዚያ ነው የምታደርገው። «ሌላም ነገር አለ። ካምናው ቅባት ላይ ዘይቱን ጨምቄ ከአልኮል ጋር ናጥኩት። የሱፍ ዘይት አልኮል ውስጥ አይሟሟም፤ ተለይቶ ከታች ይቀመጣል። በብልቃጥ የሰጡኝ የአሁኑ ዘይት እንደዚያ አደረገ። የአምናው ግን ቀነሰ፤ ከፊሉ አልኮሉ ውስጥ ገባ። ገበያ ላይ ካሉት ዘይቶች እንደዚያ የሚሟሟው አንድ ነው። ጉሎ።»

«ምን?»

«የአምናው ቅባትዎ ውስጥ የጉሎ ዘይት አለ።»

«ሞቼ!» አለች ቅባት ሠሪዋ ብድግ ብላ። «በኔ ድስት ጉሎ? እኔ ነኝ ዘይት የማደባልቀው? በእናትሽ ይሄን ለጎረቤት እንዳታወሪ!»

ሚዛን ገበያ ወርዳ አንድ ጠርሙስ የጉሎ ዘይት ገዛችና ስድስት የመስታወት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። በመጀመሪያው ሱፍ ብቻ፣ በመጨረሻው ጉሎ ብቻ፤ በመካከል ባሉት ደግሞ ጉሎው እያደገ የሚሄድ ድብልቅ፦ ከአሥራ ስድስት እጅ አንዱ፣ ከስምንት አንዱ፣ ከአራት አንዱ፣ እኩል በእኩል። ሰሙን ለሁሉም እኩል መዘነች፤ እያንዳንዱን በተራ ድስቱ ውስጥ አቅልጣ ወደ ብርጭቆው ልትመልስ ነው። ቅባት ሠሪዋ እጇን አጣምራ ከበሩ ሥር ቆመች፤ ላትነካ ለራሷ ምላለች። መሐላው የቆየው ሰሙ እስኪቀልጥ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ሊደፈርስ ነው፣ ገልብጪው! ወዲያ በይ ወዲያ!» ብላ ድስቱን ነጥቃ ስድስቱንም በተራ የገለበጠችው እሷ ሆነች። ሚዛን ቴርሞሜትሯን አየች። አማቷ ልክ በሰዓቱ ነበር የነጠቀቻት፤ ይህን ለጊዜው ሳትነግራት ቀረች፣ ከነገረቻት ለሳምንት ወሬ ይሆንባታል።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም ሳይታጠቡ ወደ ኋላ ክፍል ገቡ። ሱፍ ብቻ ያለው ብርጭቆ አልቅሷል። ከአሥራ ስድስት አንድ የገባበት ጥቂት ወዝቷል። እኩል በእኩል የሆነው ዝልግልግ ነው፣ ጣት ላይ እንደ ሙጫ ይለጠፋል። ጉሎ ብቻ የሆነው ደግሞ ቅባት ተብሎ ስም ሊወጣለት አይችልም። ከስምንት እጅ አንዱ ጉሎ የሆነውን ቅባት ሠሪዋ በአውራ ጣቷ ጫነችው፤ ደግማ ጫነችው። ጣቷ ደርቆ ተመለሰ። እጇ ጀርባ ላይ ቀባችው፤ ቆዳዋ ውስጥ ዝም ብሎ ገባ።

«ይሄ ነው፤» አለች። «የኔ ይሄ ነው።»

«ጥቂት ጉሎ ሲገባበት ሰሙ በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ላይ መርፌ መርፌ ማለት ይጀምራል፣ ስለዚህ ይደቅቃል፤» አለች ሚዛን። «ሲበዛ ግን ዘይቱና ሰሙ ይጣላሉ። እና እማማ፣ እጅዎ ምንም አልሆነም።»

ቅባት ሠሪዋ ደስ አላት፤ አንጀቷ ራሰ። ደግሞም ተናደደች። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ ሲመጡባት የቱን ማስቀደም እንዳለባት ጠፋት። እጇ ደህና ነው፤ ተመስገን። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት «አንድ ዘይት» እያለች ስትምል የኖረችው በውሸት ነው ማለት ነው። ማን ነው እንዲህ የተጫወተባት? ዘይቱን ከአንድ ቤት በቀር ገዝታ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች መጭመቂያ ቤት ሄዱ። ቤቱ የዱሮው ነው፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ የተጠበሰ ፍሬ ሽታ፣ ሲዞር የሚያቃስት የብረት መጭመቂያ። አሁን የሚያሠራው ልጅየው ነው። አባቱ «ጋሽ ጠብታ» ነበሩ፤ ጠብታ ዘይት ሲባክን ማየት አይወዱምና ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ከአራት ወር በፊት ጉልበታቸው እምቢ ቢላቸው ቤቱን ለልጃቸው አስረክበው፣ አሁን ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ይተቻሉ።

ልጅየው ነጭ ሽርጥ ታጥቋል። ቅባት ሠሪዋን ሲያይ ደስ ብሎት ዘይቱ የሚጠልልበትን በርሜል ጎትቶ አሳያት። በርሜሉ ያብረቀርቃል። «ይዩት እማማ! እኔ ከተረከብኩ ወዲህ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃና በሶዳ እናጥበዋለን። አባቴ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ አላስነካውም። ጉሎውንም ሱፉንም በዚሁ ነበር የሚያጠልለው። የመጀመሪያ ቀን ስንፈገፍገው የወጣውን ዝቃጭ ቢያዩ!»

ሚዛን አማቷን አየቻት። አማቷ ግን ፊቷን ወደ ወንበሩ አዙራለች።

«ጋሼ፣ እውነት ነው?»

«ሐሙስ ጉሎ እጨምቃለሁ፤ ጫማ ሠሪዎችና ፀጉር የሚቀቡት ይወስዱታል፤» አሉ ጋሽ ጠብታ፣ በትራቸውን መሬት ላይ እያዞሩ። «ዓርብ ሱፍ እጨምቃለሁ። በርሜሉ አንድ ነው። ከሥር የቀረችውን ማን ይደፋታል? ዓርብ ጠዋት የምትመጪው ደግሞ አንቺ ነሽ፤ የመጀመሪያው ላንቺ ነበር የሚቀዳው።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ጉሎ ቀላቅለው ሸጡልኝ!»

«ሠላሳ አንድ አይደለም። መሃል ላይ አንዴ አጥቤው ነበር።» ሽማግሌው ሳቅ አሉ፤ ጥርሳቸው ጥቂት ነው። «በጀመርሽ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል። አንድ ደንበኛ ቆሸሸ አለኝና አጥቤ አነጣሁት። በሳምንቱ አንቺ ጄሪካኑን ተሸክመሽ መጣሽ። እዚችው ደጃፍ ላይ ዘጭ አደረግሽና፣ ‹ይሄ ዘይት ዘይት አይደለም! ሰሙ አልያዘውም፣ ቅባቴ አለቀሰ! ምን አድርገህበት ነው?› ብለሽ ሰፈሩን ቀወጥሽው። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ከበርሜሉ መታጠብ በቀር የተለወጠ ነገር አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ አላጠብኩትም። ለሌላው ሰው ብዬ አይደለም፣ ላንቺ ብዬ ነው። ለዚህ ልጅ መንገሩን ረሳሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መናገሪያ መች ሰጠሽኝ! ደግሞም ብነግርሽ፣ አንቺ አንድ ዘይት ባይ፣ ታስፈገፍጊኝ ነበር። ያኔ ቅባቱም ይቀራል፣ አንቺም ትቀሪ ነበር።»

ቅባት ሠሪዋን ነገሩ ቀስ እያለ ትዝ አላት፤ መጀመሪያ የጄሪካኑ እጀታ ጣቷን ሲቆርጣት፣ ከዚያ ፀሐዩ፣ ከዚያ የራሷ ጩኸት። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ሁለት ቆርቆሮ ሸጣ ሦስተኛውን ማን እንደሚገዛት ሳታውቅ፣ ቅባቷ ሲያለቅስ እጇን ዘርግታ አላየችም። ትዝም አላላት። ጄሪካኑን አንሥታ ዘይት ጨማቂውን ልትጣላ ሄደች እንጂ። በዚህኛው ለቅሶ ግን ሦስት ወር ሙሉ አንድም ሰው አልተጣላችም፤ የሰደበችው የገዛ እጇን ብቻ ነው።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?» አለች ሚዛን ክንዷን ይዛ።

«ያቺ ሴትዮ ናፈቀችኝ፤» አለች ቅባት ሠሪዋ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ግን እየሳቀች ነበር። ጋሽ ጠብታም ሳቁ፤ ለምን እንደሚስቁ ያልገባው ልጅየው ብቻ ነው።

ቅባት ሠሪዋ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ወደ እሱ ዞረች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ይህን አቋቋም ያውቁታል፤ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

«አንተ! ለሠላሳ ዓመት ደንበኛ ዘይት ስትለውጥ አይነገርም? አፍ የለህም? እዚህ ድረስ የሚያመጣ እግርስ የለህም? እኔ እኮ ሦስት ወር ሙሉ ሞትኩ!» ድምፅዋ ከመጭመቂያው ጩኸት በላይ ወጣ፤ ሁለት መንገደኞች ቆመው አዩ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ…»

«ንጹሕማ ይሁን! ማን አትጠበው አለህ? እጠበው፣ አንጻው፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሱፉን ለብቻ፣ ጉሎውን ለብቻ ቅዳልኝ። ለሰባት ጄሪካን ሱፍ አንድ ጄሪካን ጉሎ። መደባለቁ የኔ ሥራ ነው።»

«ሰባት ጄሪካን?» ልጅየው ግራ ገባው። «ልጅዎ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ሥራ ያቆማሉ ብሎኝ ነበር እኮ።»

«እሱ ምን ያውቃል?» አለች ቅባት ሠሪዋ። «ሰኞ ጠዋት አድርስልኝ።»